የልጅ ባር ሚጽቫና የአባት ተዝካር አንድ ዓመት ላይ ሲገጥሙ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው። አባቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆነ። የበኩር ልጄ በሚቀጥለው ወር 13 ዓመት ይሞላዋል። ባለቤቴ ለባር ሚጽቫው አዳራሽ ይዞ ቀብድ ከፍሏል። እናቴ ደግሞ ‹የአባትሽ ዓመት ሳይወጣ በዚህ ቤት ከበሮ አይመታም› ብላ ካኮረፈች ሁለት ሳምንት አለፋት። ልጁ ‹አያቴ ባር ሚጽቫ አድርጎ ነበር?› ብሎ ጠየቀኝና የምመልስለት አጣሁ። የአባቴ ታናሽ ወንድም በፈረንጅ 1984 ሱዳን ላይ ሞቶ ነው የቀረው። ቀኑን የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ እንዴት አድርጌ ልያዘው?»

እህቴ፣ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የስምንት ወር ሐዘን ገና እርጥብ ነው።

ልጆችን ለባር ሚጽቫ፣ ትእዛዛቱን ለሚቀበሉበት ቀን፣ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚያው ሐዘን የገጠማቸውን የእኛን የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተሰቦች ከረቢውም ከእኛው ቄስም ጋር አገናኛለሁ። ያንቺን የመሰለ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። ሁልጊዜም የሚመጣው በጠብ መልክ ነው። አንዱ ወገን ደስታውን ይጎትታል፣ ሌላው ሐዘኑን። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው። ለሟች መታሰቢያ የሚባለው የቃዲሽ ጸሎት የሚደረሰው አስር አዋቂ ወንዶች ሲሟሉ ነው። ልጅሽ 13 ሲሞላው ከአስሩ አንዱ መሆን ይችላል። እስካሁን አጠገባቸው ቢቆምም አይቆጠርም ነበር። የአባትሽ መታሰቢያ የልጅሽን ባር ሚጽቫ ይፈልገዋል።

አንድ ቀን ያየሁትን ላጫውትሽ። የሥራ ቀን ነበር፣ የከሰዓቱ የሚንኻ ጸሎት ሰዓት። ምኩራቡ ከመኖሪያ ሕንፃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አንዲት የእኛ እናት የባለቤታቸውን አዝካራ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ ሊያወጡ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጥተዋል። ሰውን በቁጥር መቁጠር አይወደድም። ስለዚህ አስተናባሪው አስር ቃላት ያሉትን የመዝሙር ጥቅስ እያለ ለአንድ ሰው አንድ ቃል እየሰጠ ሄደ። እናቴም ልጆቿን በጣቷ ስትቆጥር አይቼ አላውቅም፣ ያው ነገር ነው። ዘጠነኛው ቃል ላይ ሰው አለቀ።

ስልክ ተደወለ። አንዱ «መንገድ ላይ ነኝ» አለ፣ ሌላው «ሥራ ላይ ነኝ»። ፀሐይዋ እየወረደች ነው። እናትየዋ ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩን ያያሉ። በመጨረሻ ውጭ ኳስ ሲጫወት የነበረ ልጅ አንገቱን አስገባ። ባር ሚጽቫውን ካደረገ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኳሱን ወንበር ሥር አስቀመጠ። ኪፓ ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። ጸሎቱ ተጀመረ። ቃዲሹ ላይ ሲደረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን፣ ይሄ ሽሜ ራባ» አለ። ሲያበቃ እናትየዋ መጀመሪያ የሳሙት እሱን ነው። ከዳቦውም ትልቁን ቁራሽ ይዞ የወጣው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። በአይሁድ ሕግ ሐዘንተኛ የሚባለው አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሰው ነው። አያት እዚህ ውስጥ አይገባም። ልጅሽ ልቡ ቢያዝንም ሕጉ ምንም አይከለክለውም። ሐዘንተኛዋ አንቺ ነሽ። የሺቫው ሰባት ቀን አልፏል፣ የሽሎሺሙ 30 ቀንም አልፏል። ለአባትና ለእናት ግን ሐዘኑ 12 ወር ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ሰው ዘፈን ያለበት ግብዣ አይሄድም።

የራስ ልጅ ባር ሚጽቫ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ልጁ ትእዛዛቱን የሚቀበልበት ቀን ስለሆነ የዚያ ቀን ማዕድ ራሱ እንደ ትእዛዝ ይታያል። ብዙ ረቢዎች ሐዘን ላይ ያለች እናት እዚያ እንድትገኝ፣ እንድታስተናግድ፣ እንድትበላም ይፈቅዳሉ። ሐሳባቸው የሚለያየው ሙዚቃው ላይ ነው። የራሳችሁን ረቢ ባለቤትሽ ብቻውን እንዳይጠይቀው፣ አብራችሁ ሂዱ። አንዱ ሰምቶ ለሌላው ሲያደርስ ነገር ይጣመማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። በረቢዎቹ ሕግ ሚስት ለባሏ ሐዘን የምትቀመጠው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ከሄድን እናትሽ ጨርሰዋል። ይህን ለእሳቸው የሚነግር ሰው እንዳይኖር ግን አደራ። እሳቸው የያዙት አገር ቤት የተማሩትን ወግ ነው። ዓመት የሚጠብቁትም ላፈቀሩት ሰው ነው። አንድ ረቢ ወይም አንድ አማች በመጽሐፍ ሊረታቸው ሲሞክር አይቻለሁ፣ ውጤቱ ያማረ አልነበረም።

ታዲያ ምን ይሁን? እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የኦሪት ንባቡ በቀኑ ይሁን። አዳራሹ ከአዝካራው በኋላ ይሁን። ባለቤትሽ ዛሬውኑ ደውሎ ቀኑን ያዛውር። ውሉን ማፍረስ ቀብድ ያስበላል፣ ቀን ማዛወር ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። እስክስታውም ጭፈራውም እዚያ ይደረስበታል። ልጁ በዚያ ማዕድ ላይ ስላነበበው የኦሪት ክፍል ትንሽ ንግግር ካደረገ ግብዣው ቢዘገይም ክብሩን አይለቅም።

ንባቡን ደግሞ ለሐሙስ ወይም ለሰኞ ብታደርጉት እመርጣለሁ። ኦሪት በምኩራብ የሚነበበው ሰንበት ላይ ብቻ አይደለም፣ ሰኞና ሐሙስ ጠዋትም ይነበባል። ቅዳሜ ከሆነ መኪና አይነዳም፣ ፎቶ አይነሳም። ሩቅ ያሉት ዘመዶችሽ መምጣት አይችሉም፣ ቄሱም እንደዚያው። በዚያ ላይ ተፊሊን ሰንበት ላይ አይታሰርም። ሐሙስ ከሆነ ግን እናትሽ ልጁ የተፊሊኑን ሁለት ጥቁር የቆዳ ሳጥኖች፣ አንዱን በግራ ክንዱ አንዱን በግንባሩ፣ ሲያስር ያዩታል። ጠፍሩን ክንዱ ላይ ሰባት ጊዜ ሲጠመጥም እጁ ይንቀጠቀጣል። የሁሉም ልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ልጁ የሚያነበው ከብራና ጥቅልል ነው። እዚያ ላይ አናባቢ ምልክት የለም፣ የዜማ ምልክትም የለም። ሁለቱንም በቃሉ ይዞ ነው የሚቆመው። ከጨረሰ በኋላ ባለቤትሽ የአባት ቡራኬውን ይላል፣ ሴቶቹ ከረሜላ ይወረውራሉ። እልልታውስ? ይህን እናትሽን ጠይቂያቸው። የከለከሉት ከበሮ ነው። ልጅ የእግዚአብሔርን ቃል አንብቦ ሲጨርስ የሚወጣ እልልታ ምስጋና ነው። «የመጀመሪያዋን እልልታ ካንቺ ነው የምንጠብቀው» በያቸው። ይህን ብዬ ያፈረኩበት ቤት የለም።

ከዚያ ወደ ቤት። ዳቦ ይቆረስ፣ ቄስ ይባርኩ፣ ሰው ይብላ። በቃ። ማጉያ ካልተተከለ፣ ባንድ ካልቆመ፣ ከሐዘኑ ጋር የሚጣላ ነገር የለም። ቄሱ ልጁ ያነበበውን ክፍል ከግዕዙ ኦሪት ጥቂት መስመር ቢያነቡና ወደ አማርኛ ቢመልሱት ደግሞ እንዴት ያምራል! አባቶቻችን ኦሪትን የሰሙት በዚህ መንገድ ነው። ልጁ በዕብራይስጥ «ሽማ ይስራኤል» ይላል፣ አያቱ «ስማዕ እስራኤል» ይሉ ነበር። ሁለቱን አንድ ጠዋት ላይ ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ነው የልጅሽ ጥያቄ የሚመጣው። አያቱ ባር ሚጽቫ አድርገው ነበር? አላደረጉም። እውነቱን ንገሪው። ቤተ እስራኤል የያዙት ኦሪትን ነው። 13 ዓመትን የሚያነሳው የረቢዎቹ ትምህርት ደግሞ ከእኛ ዘንድ አልደረሰም። በሚሽና፣ በረቢዎቹ የጥንት የሕግ መጽሐፍ፣ «ለትእዛዛት 13 ዓመት» የሚል አለ። ድግሱ ግን ያደገው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው። ሙሴም ዳዊትም ባር ሚጽቫ አላደረጉም። አያትህም እንደዚያው በይው።

አባትሽ በስምንተኛው ቀን ተገርዘዋል፣ ሰንበት አክብረዋል፣ ጾመዋል። አባቴ ሲነግረኝ፣ ዓርብ ከሰዓት ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሰንበት ሳትገባ ከትልልቆቹ ጋር ቆሞ ሲጸልይ ያን ጊዜ ሰው የሆነ መሰለው። ቀን የተቆረጠለት ነገር አልነበረም። ልጅሽ ለአያቱ ሰዎች ይደውልና «አያቴ ልጅ ሳለ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ያገኘውን በንግግሩ ውስጥ ያስገባው። ከኢንተርኔት የተቀዳ ንግግር ስንቱን ሰማሁ።

ይህ ጉዳይ ውስጤ ያለ ነገር ስለሆነ የራሴን ልንገርሽ። በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስመጣ 12 ዓመቴ ነበር። ባር ሚጽቫዬን ያደረግኩት ከብዙ ልጆች ጋር ተሰልፈን በአንድ ጠዋት ነው። አዘጋጆቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ታሊት፣ የጸሎት መጎናጸፊያ፣ ሰጡን፣ ስጦታ ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን። አባቴ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አንድም ሰው «እርስዎስ ልጅዎን ይመርቁ» አላለውም። ማታ ቤት ስንገባ «ልጄ፣ ዛሬ ምን ተደረገልህ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ለዚህ ነው ማንኛውንም ልጅ ማስተማር ስጀምር መጀመሪያ አያቶቹን የማገኘው። በንባቡ ቀን እናትሽን ፊት ለፊት አስቀምጫቸው። ልጁ ወርዶ ጉልበታቸውን ይሳም፣ ይመርቁት። በአማርኛ ይመርቁት፣ ያልገባው እንግዳ ይጠይቅ።

ስለ ተዝካሩ። እናትሽ ተዝካር ይላሉ፣ ረቢው አዝካራ ይላሉ፣ አንቺ መካከል ላይ ቆመሻል። ቃሉን እዪው እስኪ። ተዝካር ከግዕዙ «ዘከረ» ነው የመጣው፣ አሰበ ማለት ነው። አዝካራም ከዕብራይስጡ «ዛኻር» ነው፣ ያው አሰበ። ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ረቢዎቹ መቃብር ሄደው መዝሙር ያነባሉ፣ ቃዲሽ ይላሉ። ምኩራብ ወይም ቤት ውስጥ በሟቹ ስም ፊደላት ተራ የሚሽና ክፍል ይማራሉ። የሚበላውን ዓይነት በዓይነቱ ይባርካሉ። 24 ሰዓት የምትነድ ሻማ ትበራለች። በእኛ ወግ ደግሞ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ ሰው በልቶ ነፍስ ይማር ይላል። ጠዋት መቃብር ከረቢው ጋር፣ ከዚያ ቤት ከቄሱ ጋር ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ አስቀድመው በስልክ ይነጋገሩ። የሚያጣላው እንግዳ ፊት ማን ይቅደም የሚለው ነው እንጂ ጸሎቱ አይደለም።

ቃዲሽ ለወላጅ የሚባለው 11 ወር ነው። ለምን 12 አልሆነም? የክፉ ሰው ፍርድ 12 ወር ይቆያል የሚል ትምህርት አለ። ልጅ አባቱን ክፉ እንዳያስመስል ከአንድ ወር በፊት ያቆማል። ይህን ስሰማ ልቤ ይነካል። እንግዲህ ቁጠሪው። አባትሽ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ልጅሽ 13 ሲሞላው ለወንድሞችሽ ሁለት ወር ያህል የቃዲሽ ጊዜ ይቀራቸዋል። እነዚያን ሁለት ወራት ልጁ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከአጎቶቹ ጋር ሄዶ ይቁም። አሜን ማለቱ ይበቃል። ወንድም ከሌለሽና ቃዲሹን ልጁ ራሱ እንዲል ከፈለጋችሁ፣ አባትና እናቱ በሕይወት ስላላችሁ ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ረቢውን ጠይቁ።

ቃዲሽ ቋንቋው አራማይክ ነው። ውስጡ ስለ ሞት አንድም ቃል የለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምስጋና ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚከብዳቸው አጎቶች «ይትጋዳል ቨይትካዳሽ ሽሜ ራባ» እያልኩ በእኛ ፊደል ጽፌ እሰጣለሁ። ወረቀቱን ኪሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ይዘውት ይዞራሉ። ልጅሽ ይህን ለአጎቶቹ በእጁ ቢጽፍላቸው ከምንም ስጦታ ይበልጣል።

ሴት ልጅም ካለሽ ከአሁኑ አስቢበት። ሴት ልጅ ትእዛዛቱን የምትቀበለው በ12 ነው። ባት ሚጽቫ በምኩራብ መከበር የጀመረው በቅርብ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የምትባለው ጁዲት ካፕላን ኒው ዮርክ ላይ ያከበረችው በፈረንጅ 1922 ነው። የእኛ አያቶች ደግሞ የራሳቸው ነገር ነበራቸው። ሴት ልጅ ደም ስታይ ከመንደሩ ዳር በድንጋይ የታጠረች ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጥ ነበር፣ ከዚያ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። ይህን ከእናትሽ አፍ ትስማው። የመጀመሪያ ቀናቸውን ሲያወሩ ሴት አያቶች ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ።

አሁን ሱዳን ስለቀሩት አጎትሽ። በእግር ወጥተው ኡም ራኩባና ገዳሪፍ ላይ በበሽታና በረሃብ ያለቁ ብዙዎች ናቸው። መንገድ ላይና በሱዳን የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይነገራል። ሰው ማንነቱን ደብቆ ስለነበር እንደ ወጉ አልተለቀሰላቸውም። ለአንዳንዱ መርዶው የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ለእነሱ የመንግሥት መታሰቢያ የሚደረገው በዕብራይስጡ ኢያር 28 ነው፣ የኢየሩሳሌም ቀን በሚባለው ዕለት፣ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ባለው ሐውልት። ብዙ ቤተሰብ ይህንኑ ቀን ይይዛል።

ሌላም መንገድ አለ። ከአውሮፓው የአይሁድ እልቂት በኋላ የሞቱበት ቀን ላልታወቀ ሰዎች የእስራኤል ዋና ረቢዎች ቴቤት 10ን፣ የጾም ቀን ነው፣ ለቃዲሽ ለይተዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። እኔ ለእናንተ ኢያር 28ን እመርጣለሁ። ያን ቀን ተራራው ላይ ስትቆሚ አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው ታገኛለሽ፣ ያኔ ያልተለቀሰው ይለቀሳል። ልጁንም ውሰጂው። የአጎትሽን ስም ጮክ ብሎ ይጥራ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ቀኑ። የአባትሽ አዝካራ የሚወጣው በዕብራይስጥ አቆጣጠር ነው። በዚህ ላይ የእኛ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። የዕብራይስጥ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትገባ ነው። የራሴን ምሳሌ ልስጥሽ። ዘመቻ ሰሎሞን የተጀመረው ግንቦት 16 ቀን 1983 ነው። በፈረንጅ ሜይ 24 ቀን 1991 ይሆናል፣ ዓርብ። በዕብራይስጡ ሲቫን 11። እኔ ግን አውሮፕላን የገባሁት ከጨለመ በኋላ ነው። ስለዚህ የእኔ ቀን ሲቫን 12 ነው፣ ሰንበት ገብታለች። በአገር ቤት ቀን መቁጠሪያ የጻፍነውን ብቻ ይዘን ብንሄድ በአንድ ቀን እንስታለን። በዚያ ላይ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ 13 ወር ያለው ዓመት ይመጣል። ያን ጊዜ 12 ወሩ አልቆ አዝካራው ገና ወር ይቀረዋል። አዳራሹን እንደገና ከመያዛችሁ በፊት ይህ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ከሆስፒታሉ የተሰጠሽን ወረቀት አውጪና ሰዓቱን እዪልኝ። አባትሽ ያረፉት ፀሐይ ሳትገባ ነው ወይስ ከገባች በኋላ? ልጁ የተወለደበትንም ሰዓት ጨምረሽ ጻፊልኝ። ሁለቱን ቀኖች አስልቼ እልክልሻለሁ።